ባለግማሽ ቶን ሻፍት በትልቅ ቶርኖ ላይ እንዴት ይሠራል? ከማንሳት እስከ መጨረሻው ልኬት

በትንሽ ቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን፣ ሙያውን የተማረ ሰው ወደ ትልቁ ማሽን ሲሻገር ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በቆረጣው አይደለም። ብረቱም፣ ቱሉም፣ ማለትም መቁረጫውም፣ ሒሳቡም ያው ነው፤ የሚለወጠው ክብደቱ ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ቁራጭ በአንድ እጅ ቻክ፣ ማለትም ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው መያዣ፣ ውስጥ ገብቶ በደቂቃ ውስጥ መዞር ሲጀምር፣ አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ሻፍት ግን ከመሬት ተነሥቶ፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦና መሃሉን አግኝቶ እስኪዞር ድረስ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ከዚያም ሲሞቅ ይረዝማል፣ ድጋፉ ከላላ ይንቀጠቀጣል፣ ቅርፊቱ ሲነሣለት ደግሞ ይጎብጣል። በዚህ ምክንያት ይህ መመሪያ በቆረጣው ላይ ሳይሆን ከቆረጣው በፊትና በመካከሉ ባለው ዝግጅት ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

ለምሳሌ የተመረጠው ሥራ ዲያሜትሩ 200 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 2200 ሚሊሜትር ከሆነ ሲ45 ከሚባለው መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት፣ ለትልቅ ኮንቬየር ድራም የሚሆን ሻፍት ማውጣት ነው። የሻፍቱ ወገብ ወደ 190 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ሁለቱ ጫፎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በ300 ሚሊሜትር ርዝመት ኩሺኔታ እንዲገባባቸው ወደ 160 ሚሊሜትር ይወርዳሉ። የዚህ ዓይነት ሥራ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በድንጋይ መፍጫና በስኳር ፋብሪካ ወርክሾፖች የታወቀ ነው። በተለይ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ወንጂን በመሳሰሉ የስኳር ፋብሪካዎች፣ ክረምት ገብቶ የአገዳ መፍጨቱ ሥራ ሲቆም የጥገናው ወቅት ይጀምራልና ከባድ ቶርኖ ያለው ወርክሾፕ ፋታ የሚያጣው ያን ጊዜ ነው።

ብረቱን ከማንሳት በፊት ሒሳቡን መሥራት

በመጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ። የክብ ብረት ክብደት ማለት የአፉ ስፋት በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በብረት እፍጋት፣ ማለትም በሜትር ኪዩብ 7850 ኪሎ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለዚህ ሻፍት 0.0314 ሜትር ካሬ በ2.2 ሜትር፣ ያም በ7850 ሲባዛ 543 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ ማሽኑ አጠገብ መለጠፍ አለበት፤ የማንሻው፣ የገመዱ፣ ሻፍቱን ከጫፉ የሚደግፈው ሹል የሴንተሩና የማሽኑ አቅም ሁሉ የሚለካው በእሱ ነውና።

ቀጥሎ ማሽኑ ይመዘናል። እንደ ምሳሌ በሶቪየት ኅብረት ሪያዛን ከተማ ይሠራ የነበረውንና በብዙዎች ዘንድ ዲፕ 300 በሚል ስም የሚታወቀውን 1ኤም63 እንውሰድ። ከቤዱ፣ ማለትም ከማሽኑ ረጅም መሠረት፣ በላይ 630 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ነገር ያዞራል፤ በሁለቱ ሴንተሮች መካከል 2800 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ዓይነት አለው፤ ስፒንድሉ፣ ማለትም ቻኩን የሚያዞረው ዘንግ፣ በደቂቃ ከ10 እስከ 1250 ዙር ይዞራል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። 630 የተባለው ከቤዱ በላይ ያለው ክፍተት እንጂ ከክሮስ ስላይዱ፣ ማለትም ቱሉን ወደ ብረቱ ከሚያስጠጋው ተንሸራታች፣ በላይ ያለው አይደለም። ረጅም ሻፍት ሲቆረጥ ይህን ሁሉ ተሸክሞ በቤዱ ላይ የሚጓዘው ካሬጅ ከሥሩ ስለሚያልፍ ወሳኙ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ እሱም በዚህ ማሽን 350 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የእኛ 200 ሚሊሜትር ያለ ችግር ያልፋል፤ የ400 ሚሊሜትር ሻፍት ይዞ የመጣ ደንበኛ ግን፣ ማሽኑ 630 ያነሣል ተብሎ ቢነገረውም፣ ከታላቅ ወንድሙ ከ1ኤም65 ዘንድ መሄድ ይኖርበታል። ያኛው ከቤዱ በላይ 1000 ሚሊሜትር ያዞራል።

ርዝመቱም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታሰባል። 2800 የተባለው በሁለት ሴንተሮች ጫፍ መካከል ስለሆነ ቻክ ሲገባ ከላዩ 150 እስከ 200 ሚሊሜትር ይቀነሳል። ለእኛ ሻፍት በቂ ቦታ ይተርፋል፤ የሚተርፈውም ቦታ የሴንተር ቀዳዳ ለመብሳት ያስፈልጋል።

ማሽኑን መፈተሽ

ቤዱ ውሃ ልኩን መጠበቁ በትንሽ ቶርኖ ላይ ችላ ቢባልም ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ በረጅም ቤድ ላይ ግን ወዲያውኑ ልኬት ላይ ይወጣል። በሜትር 0.02 ሚሊሜትር የሚያነብ የማሽን ውሃ ልክ በካሬጁ ላይ በአግድም ተቀምጦ ካሬጁ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲገፋ፣ አረፋው ቦታውን ከቀየረ ቤዱ ተጠምዟል ማለት ነው። ጥምዘቱ የሚስተካከለው በመሠረቱ ቡሎኖችና በሥራቸው ባሉት መደገፊያዎች እንጂ በቤዱ ጫፍ ሴንተሩን በያዘው በቴልስቶኩ አይደለም። ከዚያ የስፒንድሉ ሣጥን ዘይት በመስታወቱ ይታያል፣ የቤዱ መንሸራተቻ ተጠርጎ ዘይት ይቀባል፣ ፍሬኑና የድንገተኛ ማቆሚያው ባዶ ማሽን ላይ ይሞከራሉ። ካምቢዮው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ካልቆመ በቀር አይነካም፤ በከባድ ማሽን የተሰበረ የካምቢዮ ጥርስ መለዋወጫውን ፍለጋ ብዙ ያስሮጣል።

ስለ ደኅንነት ሌላ ቦታ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ የሚነሣው በትልቁ ማሽን ላይ የተለየ የሚሆነው ብቻ ነው። ጓንት አድርጎ ወደሚዞር ብረት መቅረብ ክልክል ነው፤ ጓንት የሚደረገው ለማንሳትና ፍቅፋቂ ለመጥረግ፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ነው። የቻክ ቁልፍ ቻኩ ላይ ተሰክቶ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን አይተውም። ረጅም እጅጌ፣ ጋቢ፣ ሻርፕና የተፈታ ጸጉር ከማሽኑ ይራቁ። በደቂቃ 125 ዙር የሚዞር ወፍራም ሻፍት ለዓይን ዝግ ያለ ይመስላል፤ ይህ ዝግታ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ልብስ ከያዘ በኋላ የሞተሩን ጉልበት የሚመልስ ሰው የለም።

የሴንተር ቀዳዳ

ሻፍቱ በስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ ስለማያልፍ አንደኛው ጫፉ በቻክ፣ ሌላኛው በስቴዲ ሬስት፣ ማለትም ቤዱ ላይ ታስሮ ሻፍቱን ዙሪያውን በጣቶች በሚደግፍ መያዣ፣ ተይዞ ነው አፉ የሚስተካከለውና የሚበሳው። ችግሩ ጥሬ ብረት ክብነቱ ያልተሟላ፣ ቆዳውም ሸካራ መሆኑ ነው፤ በዚህ ላይ የስቴዲ ሬስት ጣቶች በቀጥታ ቢያርፉ ሻፍቱ እየዘለለ ይዞራል። መፍትሔው ቀለበት ነው። ውስጡ ከሻፍቱ ሰፋ ያለ፣ ውጪው በቶርኖ የለሰለሰ፣ ዙሪያውን ስድስት ወይም ስምንት ቡሎን የገባበት ወፍራም ቀለበት በሻፍቱ ላይ ይጠልቃል። መዋለልን በመርፌ የሚያሳየው ዲያል ኢንዲኬተር ቀለበቱ ላይ ተደርጎ፣ ሻፍቱ በእጅ እየዞረ፣ ቀለበቱ እስከ 0.05 ሚሊሜትር ድረስ ሳይዋልል እስኪዞር ቡሎኖቹ አንዱ ሲላላ ተቃራኒው እየጠበቀ ይስተካከላሉ። ይህን ቀለበት አንድ ጊዜ የሠራ ወርክሾፕ ለዓመታት ይጠቀምበታል።

የሴንተር ቀዳዳው ለዚህ ክብደት ትንሽ መሆን የለበትም። የሻፍቱ ግማሽ ክብደት፣ ማለትም 270 ኪሎ ገደማ፣ የሚያርፈው በዚህች ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ነው፤ በላዩ ላይ የቆረጣው ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ የመሪው ቀዳዳ ዲያሜትር ከ10 ሚሊሜትር ያላነሰ፣ ግድግዳው 60 ዲግሪ ሆኖ አፉ ላይ ደግሞ 120 ዲግሪ የመከላከያ ሰያፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ሰያፉ የሚያስፈልገው ሻፍቱ ሲነሣና ሲወርድ ጫፉ አንድ ነገር ቢመታ እውነተኛው መቀመጫ እንዳይጎዳ ነው። እጅግ ለከበዱ ሥራዎች 75 ወይም 90 ዲግሪ ሴንተር የሚጠቀሙ አሉ፤ ለግማሽ ቶን ግን 60ው ይበቃል። ሁለቱም ጫፎች በዚህ መንገድ ይበሳሉ።

ማንሳትና ማሰር

ቤዱ በጣውላ ይሸፈናል። ይህ ለይስሙላ አይደለም፤ ከገመድ ያመለጠ ሻፍት በቤዱ መንሸራተቻ ላይ የሚተወው ጠባሳ ማሽኑ እስካለ ድረስ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ይታያል።

ሻፍቱ በሁለት ቦታ በሰፊ የናይለን ማንሻ ይታሰራል። በፓራንኮ ወይም በክሬን መንጠቆ ላይ የሚገናኙት ሁለት እግሮች የሚሠሩት ማዕዘን ከ60 ዲግሪ ባይበልጥ መልካም ነው። በ60 ዲግሪ እያንዳንዱ እግር 313 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ገመዱ አጥሮ ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ከደረሰ ግን እያንዳንዱ እግር ሙሉውን 543 ኪሎ ይሸከማል። ገመድ ሁለት ስለሆነ ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። መሬት ለቆ አንድ ስንዝር ያህል ሲነሣ ቆም ተደርጎ ሚዛኑ ይታያል፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወርዶ እንደገና ይታሰራል። በተንጠለጠለ ብረት ሥር እግርም እጅም አይገባም፤ የሚገፋውም ከጎን ነው።

ለሸካራው ቆረጣ ባለአራት መንጋጋ ቻክ ይሻላል፤ መንጋጋዎቹ በየግላቸው ስለሚንቀሳቀሱ ክብነቱ ያልተሟላ ብረትን ያቅፋሉ፣ የመያዝ ጉልበታቸውም ከባለሦስቱ የላቀ ነው። ሻፍቱ ከ60 እስከ 80 ሚሊሜትር ያህል ቻክ ውስጥ ይገባል፤ የቴልስቶኩ የሚዞር ሴንተር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል፤ ቴልስቶኩ በቤዱ ላይ ቡሎኖቹ ሁሉ ይታሰሩለታል። ማንሻው የሚፈታው መንጋጋዎቹም ሴንተሩም ከጠበቁ በኋላ ብቻ ነው። የቴልስቶኩ ኩዊል፣ ማለትም ሴንተሩን የያዘው የሚወጣው ዘንግ፣ በተቻለ መጠን አጭር ሆኖ ይውጣ። ብዙ የወጣ ኩዊል ለንዝረት ቀዳሚው ምክንያት ነው።

መሃሉን ለማግኘት የዲያል ኢንዲኬተሩ ጫፍ ከቻኩ አጠገብ ሻፍቱ ላይ ያርፋል። በተቃራኒ መንጋጋዎች ላይ ያለው ንባብ ለምሳሌ በ3 ሚሊሜትር ከተለያየ፣ ሻፍቱ የሚገፋው በግማሹ፣ በ1.5 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ አንደኛው ጥንድ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይስተካከላል፤ አንዱ መንጋጋ በጥቂቱ ሲላላ ተቃራኒው ወዲያውኑ ይጠብቃል። ለጥሬ ብረት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር መዋለል ይፈቀዳል፤ ከላዩ 5 ሚሊሜትር በየጎኑ ስለሚነሣ በዚህ ደረጃ ለመቶኛ ሚሊሜትር መድከም ጊዜ ማባከን ነው።

ቱልና ፍጥነት

ለሸካራው ቆረጣ ወፍራም ሻንክ፣ ማለትም መያዣ ግንድ፣ ያለው የካርባይድ ቱል ይመረጣል፤ የተበየደ ካርባይድም ሆነ ተለዋጭ ጫፍ የሆነው ኢንሰርት ይሠራል። ጫፉ ልክ በሴንተሩ ከፍታ ላይ ይሆናል፣ ቱሉን ከያዘው ከቱል ፖስቱ የሚወጣውም ርዝመት ከሻንኩ ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ አይበልጥም።

የዙሩ ፍጥነት የሚሰላው የመቁረጫውን ፍጥነት በ1000 አባዝቶ፣ በ3.14 እና በዲያሜትሩ በማካፈል ነው። በደቂቃ 80 ሜትር ከተመረጠ፣ ለ200 ሚሊሜትር 127 ዙር ይመጣል፤ በማሽኑ ላይ የሚገኘው ቅርብ ፍጥነት 125 ነው። በካርባይድ ፈንታ ሃይ ስፒድ ስቲል ከሚባለው ብረት የተሠራ ቱል ብቻ ካለ በደቂቃ 25 ሜትር ተይዞ ወደ 40 ዙር ይወረዳል። ጥልቀቱ 4 ሚሊሜትር፣ ፊዱ፣ ማለትም ቱሉ በሻፍቱ ርዝመት የሚጓዘው፣ በአንድ ዙር 0.4 ሚሊሜትር ሲሆን ቆረጣው ራሱ ከ4.5 እስከ 5 ኪሎዋት ያህል ይበላል፤ በካምቢዮው የሚጠፋው ሲጨመር ከሞተሩ 6 ኪሎዋት ገደማ ይጠየቃል። ከ10 ኪሎዋት በላይ ሞተር ላለው ከባድ ማሽን ይህ ቀላል ነው፤ ለትንሽ ቶርኖ ግን ቺንጋውን የሚያንሸራትት ጭነት ነው።

ሸካራው ቆረጣ

የተቀጠቀጠ ወይም በሙቀት የተዳመጠ ብረት ቆዳ ከውስጡ ይጠነክራል። ፈራ ተባ እያሉ በግማሽ ሚሊሜትር የሚጀምሩ ሰዎች የቱሉን ጫፍ በዚህ ቆዳ ላይ ሲፈጩት ይውላሉ። የመጀመሪያው ቆረጣ ከቆዳው በታች መግባት አለበት፤ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ተሰጥቶት የቱሉ ጫፍ በንጹሕ ብረት ውስጥ ይጓዝ። ማሽኑ የተሠራው ለዚህ ነው።

በ125 ዙርና በ0.4 ፊድ ቱሉ በደቂቃ 50 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ከቴልስቶኩ ተነሥቶ 1900 ሚሊሜትር ለመድረስ 38 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ጊዜ ሻይ የሚጠጣበት አይደለም። የመጀመሪያው የሚታየው ፍቅፋቂው ነው። እንደ ኮማ ተቆርጦ የሚወድቅ፣ በካርባይድ ሲቆረጥ ወደ ወርቃማ ወይም ሰማያዊ የሚያደላ ፍቅፋቂ ጤናማ ነው፤ በሃይ ስፒድ ስቲል ሲቆረጥ ሰማያዊ ከሆነ ግን ፍጥነቱ በዝቷል። እንደ ሪባን ሳይቆረጥ የሚመጣ ፍቅፋቂ እጅግ አደገኛ ነው፤ በሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ ይገርፋል። ፊዱን ከፍ ማድረግ ወይም ፍቅፋቂ የሚሰብር ቅርጽ ያለው ኢንሰርት መጠቀም ያስተካክለዋል፤ የተጠራቀመውም ማሽኑ ቆሞ በረጅም መንጠቆ እንጂ በእጅ አይነሣም። ከዚህ ሻፍት በጠቅላላው የሚነሣው ፍቅፋቂ ወደ 92 ኪሎ ስለሚደርስ ማጠራቀሚያው ቀድሞ ይታሰብበት።

ሁለተኛው የሚጠበቀው የሴንተሩ ጥብቀት ነው፤ የከባድ ቶርኖ ሥራን ከቀላሉ የሚለየው ዋናው ነጥብም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሜትር 0.0115 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። በቆረጣ ምክንያት ሻፍቱ በአማካይ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 2200 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ብረት በግማሽ ሚሊሜትር ይረዝማል። በአንድ ወገን ቻክ፣ በሌላው ወገን ቴልስቶክ ጨብጠውት የሚሄድበት ስለሌለው፣ ወይ ይጎብጣል ወይ የሴንተሩን ኩሺኔታ ያቃጥላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ረጅም ቆረጣ በኋላ ማሽኑ ቆሞ የኩዊሉ መቆለፊያ ይላላል፣ የእጅ ጎማው ወደ ኋላ በጥቂቱ ይመለሳል፣ እንደገናም በእጅ ስሜት ይጠብቃል። የሴንተሩ አካል በእጅ ሲነካ የማያስይዝ ከሆነ መላላቱ ዘግይቷል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይፍሰስ፤ በካርባይድ ላይ አልፎ አልፎ ጠብ የሚል ፈሳሽ ጫፉን ይሰነጥቀዋልና፣ እንዲህ ከሚሆን በደረቁ መቁረጥ ይሻላል።

ንዝረት ከመጣ፣ ማለትም ማሽኑ ሲጮህና በብረቱ ላይ እኩል እኩል የተደረደረ ሞገድ ሲታይ፣ መጀመሪያ ዙሩን መቀነስ፣ ቀጥሎ ፊዱን መጨመር ይሞከራል። ጥልቀቱን መቀነስ ብዙዎች ቀድመው የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ፊዱ ሳይጨመር ጥልቀቱ ብቻ ሲቀነስ ቱሉ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያሸዋል፣ ጩኸቱም ይብሳል። ይህ ሁሉ ካልፈወሰው የወጣውን የኩዊል ርዝመት፣ የቱሉን አወጣጥና የክሮስ ስላይዱን ልልነት ይመርምሩ።

በየደረጃው በዲያሜትር ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይተዋል፤ ወገቡ ወደ 192 ወይም 193፣ የኩሺኔታው መቀመጫ ወደ 163 ይደርሳል። ከዚያ ሻፍቱ በተመሳሳይ ጥንቃቄ ተነሥቶ ይገለበጥና ቻክ ውስጥ የነበረው ጫፍም ይሠራል።

ስቴዲ ሬስት መቼና እንዴት

የሻፍት ርዝመት ከዲያሜትሩ ከ10 እስከ 12 እጥፍ ሲደርስ መሃሉን መደገፍ ይታሰባል፤ የእኛ 11 እጥፍ ስለሆነ በድንበሩ ላይ ነው። በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ የሚጎብጠው 0.045 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ጉብጠት ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሆነና ቱሉ ከጎን ስለሚቆርጥ በዲያሜትሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ስቴዲ ሬስቱ ሻፍቱን ሽቅብ ወይም ወደ ጎን ገፍቶ ሲያጎብጠው ነው፤ በግድየለሽነት የተገጠመ ስቴዲ ሬስት ካልተገጠመው የባሰ ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ጣቶቹ የሚያርፉበት ከ60 እስከ 80 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦታ በቀላል ቆረጣ ይለሰልሳል። ስቴዲ ሬስቱ ተቀምጦ ሲታሰር፣ ሁለት ዲያል ኢንዲኬተሮች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከጎን፣ እዚያው አጠገብ ሻፍቱ ላይ ይደረጋሉ፤ ጣቶቹም አንድ በአንድ እስኪነኩ ይገፋሉ፤ የኢንዲኬተሮቹ መርፌ ከ0.01 በላይ ከተንቀሳቀሰ ጣቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣቶቹ የነሐስ ከሆኑ ግራሶ ወይም ወፍራም ዘይት ሳይቋረጥ ይሰጣቸዋል፤ ሮለር ከሆኑ ደግሞ ፍቅፋቂ ከሥራቸው ገብቶ ሻፍቱን እንዳይወጋው በካርቶን ወይም በቆዳ ይጋረዳሉ።

ሻፍቱን ማሳረፍ

ከሸካራው ቆረጣ በኋላ ወዲያው ወደ መጨረሻው ልኬት መሄድ ያጓጓል፤ ሆኖም አይመከርም። ብረቱ ሲመረት በውስጡ የቀረ ውጥረት አለ፤ የላይኛው ቆዳ ሲነሣለት ሚዛኑ ይዛባና ሻፍቱ በጥቂቱ ይጎብጣል። ኪዌይ፣ ማለትም የማያያዣ ቁልፍ የሚገባበት ቦይ፣ የሚቆረጥለት ከሆነም የሚቆረጠው አሁን ነው፤ የአንድ ወገን ብረት ሲነሣ ሻፍቱ እንደገና ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ከማጠናቀቂያው በኋላ መቁረጡ የደከሙበትን ያበላሻል። ሻፍቱ ሴንተሩ ላልቶለት ቢያንስ ሌሊቱን ይረፍ። በማግሥቱ ሲለካ ከ0.1 በላይ የሚዋልል ከሆነ የሴንተር ቀዳዳዎቹ ይታደሳሉ፤ የተተወው 2 እና 3 ሚሊሜትር ለዚህ ነው።

ለማጠናቀቂያው ሻፍቱ በቻክ ሳይሆን በሁለት ሴንተሮች መካከል ይያዛል። ለዚህ የሚጠቅም አንድ ዘዴ አለ፦ አጭር የለስላሳ ብረት ቁራጭ ቻክ ውስጥ ይታሰርና ኮምፓውንዱ፣ ማለትም በማዕዘን የሚዞረው ትንሹ የቱል ተንሸራታች፣ በ30 ዲግሪ ዞሮ ቁራጩ እዚያው 60 ዲግሪ ሹል ሆኖ ይቆረጣል። ከቻኩ ሳይወጣ የተቆረጠ ስለሆነ መሃሉ ከስፒንድሉ መሃል ጋር በትክክል ይገጥማል፣ ኢንዲኬተርም አያስፈልገውም። ሻፍቱን አቅፎ የሚይዝ ክላምፕ ጫፉ ላይ ታስሮ፣ ጅራቱን የቻኩ መንጋጋ እየገፋ ያዞረዋል።

ሾጣጣነትን ማረም

ወገቡ በቀላል ቆረጣ አንድ ጊዜ ይሄድና ሁለት ቦታ ይለካል። ለምሳሌ በሄድስቶኩ፣ ማለትም በስፒንድሉ ሣጥን፣ በኩል 190.50፣ ከዚያ 1500 ሚሊሜትር ርቆ በቴልስቶኩ በኩል 190.56 ከተነበበ ልዩነቱ 0.06 ነው። ቴልስቶኩ የሚንቀሳቀሰው በልዩነቱ ግማሽ፣ ያም በሻፍቱ ርዝመት ተባዝቶ በተለካው ርቀት ተካፍሎ ነው፤ 0.03 በ2200 ተባዝቶ በ1500 ሲካፈል 0.044 ሚሊሜትር ይመጣል። ወፍራሙ በቴልስቶኩ በኩል ስለሆነ ቴልስቶኩ ወደ ሠራተኛው ይሳባል። እንዲህ ያለ ትንሽ እንቅስቃሴ በዓይን ስለማይገመት ኢንዲኬተር ኩዊሉ ላይ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

የኩሺኔታ መቀመጫዎች

ለ160 ሚሊሜትር ኩሺኔታ ኤም6 የሚባለው ልኬት ከተጠየቀ፣ መቀመጫው ከ160.015 እስከ 160.040 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የተፈቀደው ክልል 0.025 ብቻ ነው። አሁን ሙቀቱን ያስቡ፦ ሻፍቱ ከክፍሉ በ20 ዲግሪ ቢበልጥ 160 ሚሊሜትሩ በ0.037 ያብጣል። ትኩስ ሆኖ 160.040 የተነበበ መቀመጫ ሲቀዘቅዝ 160.003 ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ወርዷል፣ ኩሺኔታውም ይላላል። ስለዚህ የመጨረሻው መለካት የሚደረገው ሻፍቱም ማይክሮሜትሩም በአንድ የክፍል ሙቀት ሲያድሩ ወይም ቢያንስ ሰዓታት ሲቆዩ ነው። ማይክሮሜትሩን በመዳፍ ጨብጦ መዞርም ያሳስታል፤ ከአገልግሎት በፊት በመለኪያ ዘንጉ ዜሮው ይረጋገጥ።

ለማጠናቀቂያ 0.8 ሚሊሜትር የጫፍ ራዲየስ ያለው ኢንሰርት፣ በአንድ ዙር 0.15 ፊድና በደቂቃ 100 ሜትር ፍጥነት ይሠራል፤ በ160 ሚሊሜትር ላይ ይህ 200 ዙር ነው። 300 ሚሊሜትሩ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ወደ ልኬቱ አቀራረቡ እንደሚከተለው ነው። በዲያሜትር 1 ሚሊሜትር ሲቀር ለሁለት እኩል ይከፈላል። የመጀመሪያው 0.5 ይቆረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይለካል፤ ማሽኑ ከታሰበው ስንት እንዳነሰ ወይም እንደበለጠ ይታወቃል። ሁለተኛው ቆረጣ በተመሳሳይ ጥልቀት፣ በተመሳሳይ ፊድ፣ በተመሳሳይ ቱል ስለሚሆን ያው ልዩነት ይደገማልና በዲያሉ ላይ ይታረማል። በተቃራኒው እየፈሩ በ0.02 እና በ0.03 መጠጋት ቱሉን ያንሸራትተዋል፤ ሦስት ጊዜ ምንም ሳይቆርጥ ያልፍና በአራተኛው ድንገት ጠልቆ ይገባል።

ለጥቃቅን እርማት ኮምፓውንዱን ከሻፍቱ መሥመር ወደ 5 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ አዙሮ ማሰር ይረዳል። በዚህ ማዕዘን በኮምፓውንዱ ዲያል 0.1 ሲነዳ ቱሉ ወደ ብረቱ የሚገባው 0.01 ብቻ ነው፤ በዲያሜትር 0.02 ማለት ነው። ያረጀ ክሮስ ስላይድ ያለው ማሽን ላይ ይህ ዘዴ ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

መቀመጫው ከወገቡ ጋር የሚገናኝበት እርከን ስለታም ማዕዘን ሆኖ ከቀረ ሻፍቱ ነገ የሚሰበረው ከዚያው ነው፤ በሚዞር ሻፍት ላይ ድካም የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ራዲየስ ይሰጠው፤ ራዲየሱ ግን ከኩሺኔታው የራሱ የማዕዘን ራዲየስ ያንስ። የኩሺኔታው 3 ሚሊሜትር ከሆነ የሻፍቱ 2.5 ይሁን፤ ከበለጠ ኩሺኔታው እርከኑ ላይ ሳይደርስ ማዕዘኑ ላይ ይንጠለጠላል። በራዲየሱ ላይ የቱል ጭረት እንዳይቀር በደንብ ይለስልስ። የጫፎቹ አፍ ደግሞ ኩሺኔታው በቀላሉ እንዲገባ ሰያፍ ይሰጠዋል። በሸራ ወረቀት ማለስለስ ካስፈለገ ወረቀቱ በጣት ላይ አይጠመጠምም፤ ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት እጅ ተለያይተው ይያዛሉ፣ ወይም በእንጨት ላይ ተደርጎ ይገፋል።

ሻፍቱ ከመውረዱ በፊት እዚያው በሴንተሮቹ መካከል እያለ የሁለቱ መቀመጫዎችና የወገቡ መዋለል በኢንዲኬተር ተለክቶ ከልኬቶቹ ጋር ይጻፋል፤ ከወረደ በኋላ ለእርማት መመለስ የግማሽ ቀን ዝግጅትን መድገም ነውና። ከዚያ መቀመጫዎቹ ግራሶ ተቀብተው በወፍራም ላስቲክና በካርቶን ይጠቀለላሉ፣ ማንሻው መቀመጫዎቹን ሳይነካ ወገቡ ላይ ብቻ ይታሰራል፣ በመጀመሪያ ማንሻው ይወጠርና ከዚያ ሴንተሩ ይላላል። የሚያርፈውም በቪ ቅርጽ በተቆረጡ ሁለት የእንጨት መደገፊያዎች ላይ፣ ከየጫፉ በርዝመቱ አንድ አምስተኛ ገባ ብሎ ነው።